ሐሳብ አላስተኛ ሲል፦ የተጨነቀ አእምሮን ደረጃ በደረጃ ማረጋጊያ

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ማታ ማታ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «አቦ፣ የሚያስተኛ ነገር የለህም?» ምን ሆናችሁ ስል መልሱም ይመሳሰላል። ልቤ ይመታል፣ ሐሳብ በሐሳብ ላይ ይደራረባል፣ ጎኔ ሲያርፍ ጭንቅላቴ ይነሣል። የሚያስተኛ ኪኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም። በቃል የምነግራቸውን ግን ሙሉውን እዚህ ጻፍኩት፤ ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

መመሪያው ኪራይ፣ ዕዳ፣ ፈተና፣ ከዐረብ አገር ድምፅዋ የጠፋ እህት፣ ወይም ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃት ሰላም ለነሳው ሰው ነው። ሕመም ሊሆን የሚችለውን ከታች ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ እሱን ሳታነቡ አትለፉ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ሰውነት፣ ከዚያ ሐሳብ፣ ከዚያ አዳሩ። ልብ እየደለቀ ሐሳብን ማሳመን አይቻልም። ሰውነት ደንግጦ ሳለ ጭንቅላት የድንጋጤውን ምክንያት ፍለጋ ይወጣል፤ ፈልጎ ደግሞ አያጣም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክርቢቶ።
- ጎድጓዳ ሳህን፣ ፎጣና ቀዝቃዛ ውሃ። ቀትር ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ አይሆንም፤ ፀሐይዋ ሻይ አድርጋዋለች። ከማቀዝቀዣ ወይም ከእንስራ ቅዱ።
- ጀርባ የሚደግፍ ወንበር። መጅሊስ ላይ ከሆናችሁ መከዳ ይበቃል።
- ስልክ ያልሆነ የደወል ሰዓት።
- ግቢ ለምትተኙ አጎበር።

አሠራሩ

1. ውሃ ጠጡ፣ መብላታችሁንም አስታውሱ።

ሙቀት ውሃ ሲያሳጣችሁ ልብ ይፈጥናል። ምሳ ከተዘለለ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ላብ ይላል። ሁለቱም ቁርጥ ጭንቀትን ይመስላሉ። ስለዚህ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ካልቀመሳችሁ ትንሽ ዳቦም ቢሆን ብሉ። ከዚህ በኋላ የተረፈው ነው የጭንቀቱ ድርሻ።

2. የሚወጣውን ትንፋሽ አስረዝሙ።

ጀርባችሁን ደግፋችሁ ተቀመጡ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ እምብርት ላይ አድርጉ። በአፍንጫ 4 እስክትቆጥሩ አየር አስገቡ። ከፍ ማለት ያለበት የታችኛው እጅ ነው፤ የላይኛው ብዙም አይንቀሳቀስ። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ ከንፈራችሁን አሹላችሁ 6 እስክትቆጥሩ አስወጡ። በዚህ አካሄድ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ትተነፍሳላችሁ። 5 ደቂቃ ቀጥሉ።

ሥራውን የሚሠራው መውጫው ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ጣት አንጓችሁ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች ባለው በኩል አሳርፉና የደም ሥሩን ምት አዳምጡ። አየር ስታስገቡ ምቱ ፈጠን፣ ስታስወጡ ዘግየት ይላል። ወጣት ላይ በደንብ ይታወቃል፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ላይ ይደበዝዛል። አየር ሲወጣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቫገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ቀስ በል ይለዋል። መውጫውን ማስረዘም ይህን ትእዛዝ ማስረዘም ነው።

መቁጠር የማይሆንላችሁ አትጨነቁ። ዚክር ወይም ጸሎት የለመደ ሰው አንዱን ሐረግ በአንድ ረጅም ትንፋሽ ቢል ያው ነው።

ጥንቃቄ፦ ጣት ከደነዘዘ፣ የአፍ ዙሪያ ከነዘረ፣ ወይም ራስ ካዞረ፣ አየር አንሷችሁ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥታችኋል። ይበልጥ አየር አትሳቡ። ትንፋሹን አሳንሱት፣ አዘግዩት፤ ራሱ ይለቃል። አንዳንድ ሰው ፌስታል ውስጥ ተንፍሱ ይላል። አታድርጉት። ችግሩ አስም ወይም ልብ ከሆነ አየር ታሳጡታላችሁ።

3. ካልበረደ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ።

ይህ ልቡ በኃይል ለሚመታበት፣ ትንፋሹ ለተቆራረጠበት ሰው ነው። ሳህኑን በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ። ትንፋሻችሁን ያዙና ፊታችሁን እስከ ግንባር ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ንከሩ። መንከር የማይመቸው ፎጣውን አርጥቦ ዓይንና ጉንጭ ላይ ይያዝ፤ ጎንበስ ይበል፣ ትንፋሹንም ይያዝ። ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውና ትንፋሽ ሲያዝ ሰውነት የልብን ምት ዝቅ ያደርጋል። አንድ ሁለቴ ድገሙት።

የልብ ሕመም ያለበት ወይም ልቡ ቀድሞውኑ ቀስ ብሎ የሚመታ ሰው ይህን ደረጃ ይዝለለው።

አንድ ነገር እወቁ። ድንገተኛ የድንጋጤ ማዕበል ሲመጣ ልሞት ነው ያሰኛል። ግን በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል። «ይወርዳል» እያላችሁ ሰዓት ላይ ማየት በራሱ ያግዛል።

4. ጡንቻችሁን አጥብቁና ልቀቁ።

የተጨነቀ ሰው ትከሻው ጆሮው ጋ ደርሶ፣ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ራሱ ግን አያውቀውም። ዘና በል ቢሉት ከየት ይጀምር? ለዚህ ነው መጀመሪያ ማጥበቅ የሚያስፈልገው፤ የጠበቀውን ያየ የላላውን ያውቃል።

ጭብጣችሁን ለ5 ሰከንድ ጨብጡ፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቁና 15 ሰከንድ ያህል እጃችሁ ሲከብድ ተከታተሉ። ቀጥላችሁ ትከሻ ወደ ላይ፣ ከዚያ ፊት ጭምድድ፣ ሆድ ግትር፣ መጨረሻ እግር። ሕመም እስኪሰማችሁ አታጥብቁ። ወገቡን የሚያመው ሰው ሆዱንና እግሩን ይተው።

5. ዓይናችሁን ወደ ውጭ አውጡ።

የምታዩትን 5 ነገር፣ የምትዳስሱትን 4፣ የምትሰሙትን 3፣ የምታሸቱትን 2፣ የምትቀምሱትን 1 በድምፅ ጥሩ። ሰማያዊ ባጃጅ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ አዛን፣ የከሰል ሽታ። «መኪና» ብላችሁ አትለፉ፤ «የግራ መብራቱ የተሰበረ ባጃጅ» በሉ። ጭንቀት ነገ የሚሆነውን ነው የሚያየው። ዝርዝር ስትፈልጉ ትኩረታችሁ አሁን ወዳላችሁበት ይመለሳል። አጭር ነው፣ ታክሲ ውስጥም ይሠራል።

6. ሐሳቡን ወረቀት ላይ አውርዱት።

ሰውነት ከበረደ በኋላ የሚመጣው ይህ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚጠቅመውም ይሄኛው ነው፤ ሰው ግን ቶሎ ይሰለቸዋል።

በቀን አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የጭንቀት ቀጠሮ ያዙ። ለድሬ ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ይመቻል። ቀትሩ ያደክማል፣ ከራት በኋላ ደግሞ ወደ አልጋ ይጠጋል። አልጋ ላይ ሆናችሁ አታድርጉት፤ አልጋውን የሐሳብ ቦታ ታደርጉታላችሁ።

ደብተሩን ክፈቱና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በየመስመሩ አውርዱ። አታሳምሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎን «በእጄ» ወይም «ከእጄ ውጭ» ብላችሁ ጻፉ። በእጃችሁ ለሆነው አንድ ትንሽ እርምጃ ከነሰዓቱ ስጡት። ገጹ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል፦

ኪራይ። በእጄ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለአከራዬ እደውላለሁ፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ደመወዝ ሲወጣ እላለሁ።
እህቴ አልደወለችም። ግማሹ በእጄ። ዛሬ ማታ አብራት ላለችው ልጅ መልእክት እተዋለሁ።
የፈተና ውጤት። ከእጄ ውጭ። የሚወጣው በራሱ ቀን ነው።
የዕቁብ ብር። በእጄ። ቅዳሜ ጸሐፊውን አግኝቼ ዕጣ መቀያየር ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ።
ሰው ምን ይለኛል። ከእጄ ውጭ።

«ኪራዩን አስተካክላለሁ» እርምጃ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ ምን ብዬ የሚሉትን ካልመለሰ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። ጭንቅላት ያላለቀ ጉዳይ እንዳይረሳ ደጋግሞ ያነሣል። የተጻፈና ሰዓት የተቆረጠለት ነገር ግን የተያዘ ስለሆነ ደጋግሞ የሚጎትትበት ምክንያት ይቀንሳል። «ከእጄ ውጭ» ያላችሁት ላይ መፍትሔ አትፈልጉ። ማመኑ ይበቃል፤ መራራ ቢሆንም።

ደወሉ ሲጮህ ደብተሩን ዝጉ። ከቀጠሮ ውጭ ሐሳብ ቢመጣ አትጣሉት። አንድ ቃል ጻፉና «ነገ 11 ሰዓት» በሉት። የነገው ሰዓት ሲደርስ አንዳንዱ ጉዳይ ራሱ ረግቦ ታገኙታላችሁ።

ስልክ ላይ ብጽፍስ ለምትሉ፣ ማስታወሻ ልትጽፉ ከፍታችሁ ቴሌግራም ውስጥ ትገኛላችሁ።

7. ፀሐይ ስትበርድ ተራመዱ።

ከቻላችሁ 30 ደቂቃ፣ ካልቻላችሁ 10፣ ፈጠን ባለ እርምጃ። ጭንቀት ሰውነትን ለሩጫ ወይም ለድብድብ አዘጋጅቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጡንቻ ይወጥራል፣ ልብ ያፋጥናል። መራመድ ያንን ዝግጅት ሥራ ላይ ያውለዋል። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያላቸው ናቸው፤ ለገሃር አካባቢም ይመቻል። ሳቢያን ያላችሁ በሠፈራችሁ ዙሩ።

የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በክረምት ለእግር ጉዞ አትምረጡት። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከተራራው የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው አይከራከረኝም።

8. አዳሩን ከቀኑ ጀምራችሁ አስተካክሉ።

እዚህ ጋ ጫትን ሳላነሣ ብሄድ ድሬ አልኖርኩም ማለት ነው። ቃሙ ወይም አትቃሙ የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ የማወራው ስለ እንቅልፍና ስለ ልብ ምት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍን ይገፋል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርትና ብስጭት ይከተላል። ማታ ላይ ያለ ምክንያት የሚመጣው ፍርሃት ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጣጠማል። ስለዚህ፦

በርጫ ካለ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይለቅ። ምሳ ሳይበሉ አይጀመር። ውሃ ከጎን አይጥፋ። ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ወደ ጨብሲ አትሂዱ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከዚያ ሌሊቱን እኩለ ሌሊት ላይ ሰብሮ ያነቃል፣ ጠዋት ጭንቀቱን ጨምሮ ይመልሳል። በየቀኑ የምትቅሙ ከሆነና ለማቆም ከወሰናችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱ። በአንዴ ሲቆም ለተወሰኑ ቀናት ድካም፣ ሀራራና ዱካክ ሊመጣ ይችላል። ዱካክ ያየ ሰው «ጭራሽ ባሰብኝ» ብሎ ይመለሳል፤ የሚያልፍ ነገር መሆኑን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ግን ትችሉታላችሁ።

ቡናም ተራው ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ ይተኛል ማለት ነው። የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። ከቡና ገለባ ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላው ሆጃም ካፌይን አለው። ጎረቤት ማታ ቡና ሲጠራ ሂዱ፣ ጨዋታው ይጠቅማችኋል፤ ስኒውን ግን አሳልፉ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ካላችሁ ማንም አያስገድዳችሁም።

ሙቀቱስ? ሰውነት እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ውስጡ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ይህን አትፈቅድም። ከመተኛታችሁ በፊት ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ቆዳው ይኮማተርና ሙቀቱን ውስጥ ያስቀራል። እግርና አንገት ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፣ ስስ ሽርጥ ይበቃችኋል። ግቢ ፍራሽ የምታወጡ አጎበር ሳትሰቅሉ እንዳትተኙ፤ ወባ አለ።

ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት። የደወል ሰዓት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ተኝታችሁ 20 ደቂቃ ያህል አለፈ መሰላችሁ? ሰዓት ሳታዩ ተነሡ። ደብዛዛ መብራት ላይ ተቀምጣችሁ ደረጃ 2ን ሥሩ፣ ወይም ልብስ እጠፉ። እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። አልጋ ላይ መገላበጥ አልጋውን ከመገላበጥ ጋር ያለማምደዋል። ጠዋት ግን ምንም ያህል ብትተኙ በዚያው ሰዓት ተነሡ፤ የቀን እንቅልፍም ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

ልምምዱን በጭንቀት ሰዓት ብቻ መጀመር። ዋና የሚለመደው ውሃ እየወሰደህ አይደለም። ደረጃ 2ን ሰላም በሆናችሁበት ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ ተለማመዱ። ያኔ ሲያስፈልግ ሰውነት ያውቀዋል።

«አላስብም» ብሎ መታገል። አላስብም ያሉት ሐሳብ ይብሳል። ይምጣ፣ ይጻፍ፣ ይቀጠር።

የልብ ምትን በየደቂቃው መለካትና ምልክትን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ። ደረጃ 2 ላይ ያለው ጣት አንዴ ለማየት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንጓ ይዞ መዋል አዲስ ጭንቀት ነው።

መሸሽ። ታክሲ ውስጥ ስለደነገጥኩ ታክሲ አልሳፈርም፣ ሠርግ ቤት ስለጨነቀኝ ሠርግ አልሄድም። ለዛሬ ያሳርፋል፣ ነገ ግን ፍርሃቱ ሠፈሩን ያሰፋል። በአጭር መንገድ ጀምሩ፤ ለምሳሌ ከከዚራ እስከ መጋላ ሰው አስከትላችሁ፣ ቀጥሎ ብቻችሁን።

በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ማለት። ትንፋሹ ወዲያው ያበርዳል። ደብተሩና አዳሩ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኪኒንን በተመለከተ

የጎረቤትን የእንቅልፍ መድኃኒት አትዋሱ። ዳያዜፓምና መሰሎቹ ያስተኛሉ፤ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ መጠኑም ከፍ እያለ ይሄዳል። ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን እስከማቆም ይደርሳሉ። በሐኪም ታዝዞላችሁ የምትወስዱ ደግሞ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ልብን ያፈጥናል። ከተነፋ በኋላ የመጣ መንቀጥቀጥ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ አትደንግጡ።

ይህን ትታችሁ ሆስፒታል የምትሄዱት መቼ ነው?

ወዲያውኑ፦ ደረትን የሚጫን ሕመም ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብና ማቅለሽለሽ ካለ፣ ራስ ከሳታችሁ። ጭንቀት ነው ብላችሁ የትንፋሽ ልምምድ ላይ አትቆዩ፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ወይም የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

ወዲያውኑ፦ መኖር ካስጠላችሁ፣ ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ። ብቻችሁን አትደሩ። ቤት ላለ ሰው አሁኑኑ ንገሩና አብሯችሁ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሁሉም ይከታተለኛል ማለት ከጀመረም እንዲሁ ነው። በተለይ ከብዙ ቀን መቃምና አለመተኛት በኋላ ይህን ያየ ቤተሰብ «ምርቃና ነው» ብሎ አይጠብቅ።

በቀጠሮ፦ እየበሉ መክሳት፣ ሙቀት አለመቻል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ያስፈልጋል። ደረጃ ስትወጡ ካለከለካችሁና ፊታችሁ ከገረጣ ደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ይህ ሁሉ ከሌለ፣ ግን ጭንቀቱ ሥራ ወይም ትምህርት ካስተጓጎለ፣ ወይም አብዛኛውን ቀን ለወራት ካልለቀቀ፣ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እዩ። ሐረር ያላችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለላችሁ።

ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የቡናውንና የጫቱን መጠን ጽፋችሁ ሂዱ። ጫቱን የሚደብቅ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ እናት ወይም ባል አጠገብ ሲቀመጥ። ሐኪሙ ግን የሚፈርድባችሁ ሰው አይደለም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከጫት ጋር ስለማይስማማ ነው የሚጠይቀው። ካፈራችሁ አስታማሚው ለአፍታ እንዲወጣ ጠይቁ።